ሰባተኛው ማዕበል ላይ የሞተው ተጫዋች የት ታመመ?

(ለጌም ጃም፣ ማለትም በጥቂት ቀናት ውስጥ ጌም ተሠርቶ ለሚገባበት ውድድር፣ ተሳታፊዎች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ "ሰባተኛው ማዕበል በጣም ይከብዳል" ስለምትል።

እኔና ባልደረባዬ በ72 ሰዓት አንድ ታወር ዲፌንስ፣ ማለትም በየተራ እንደ ማዕበል የሚመጡ ጠላቶችን ግንብ እየተከሉ የሚመክቱበት ጌም፣ ሠርተን ለጃም አስገብተን ነበር። ከተጻፉልን አስተያየቶች ውስጥ ይህችኑ ዓረፍተ ነገር በተለያየ መልክ ደጋግመን አገኘናት። አንዱ "ሰባት ላይ ሚዛኑ ተበላሽቷል" ይላል። ሌላው "እስከ ስድስት ደስ እያለኝ መጥቼ ሰባት ላይ በአንዴ ፈረስኩ" ይላል። ሦስተኛው ቁጥሩን ብቻ ጽፎ ቃለ አጋኖ ደርድሮበታል። ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ሲመሰክር ማን ይጠራጠራል? ጃሙ ከማብቂያው ሰዓት በኋላ የሚፈቅደው የባግ (የኮድ ስህተት) እርማት ብቻ ስለነበር፣ ከውድድሩ ውጭ ሌላ ቅጂ አውጥተን በዚያኛው ላይ የሰባተኛውን ማዕበል ጠላቶች ጉልበት በሲሶ ቀነስን። በማግስቱ የደረሰን አስተያየት ምን የሚል ይመስላችኋል? "ስምንተኛው ማዕበል በጣም ይከብዳል።"

ስለ ጌሙ ትንሽ ልንገራችሁ፣ አለዚያ የሚቀጥለው አይገባችሁም። አሥር ማዕበል አለው። ጠላቶች አንድ የተወሰነ ጠመዝማዛ መንገድ ይዘው ይመጣሉ፤ ተጫዋቹ በመንገዱ ዳር ግንብ ይተክላል። ግንቦቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። ቀስተኛው 50 ወርቅ፣ በረዶው 80፣ መድፉ 120። መነሻው 150 ወርቅ ሲሆን ጠላት በተገደለ ቁጥር 5 ይጨመራል። ሰባተኛው ማዕበል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩር የለበሱ ጠላቶች ይመጣሉ። ጥሩሩ ከእያንዳንዱ ምት 7 ይቀንሳል። ቀስተኛው በሰከንድ ሁለት ጊዜ እየወረወረ በእያንዳንዱ 10 ጉዳት ያደርስ ስለነበር፣ በሰከንድ 20 የነበረው ኃይሉ ወደ 6 ይወርዳል። መድፉ በሁለት ሰከንድ አንዴ 40 ስለሚመታ የሚያጣው ጥቂት ነው፤ ከ20 ወደ 16 ተኩል። ሐሳባችን ግልጽ ነበር። እስከ ሰባት ድረስ ተጫዋቹ መድፍ መትከል እንዳለበት ይረዳል፣ ወርቁም ይበቃዋል ብለን ነው የሠራነው። በወረቀት ላይ ደግሞ በደንብ ይበቃው ነበር።

ታዲያ ለምን ሞቱ?

መልሱን ያገኘሁት አስተያየቶቹን ደጋግሜ በማንበብ ሳይሆን ከአንዲት ተጫዋች ጀርባ ቆሜ ነው። ጌም አዘውትራ የምትጫወት ሰው አይደለችም። ምንም ላልናገር ቃል ገብቼ ከወንበሯ ጀርባ ቆምኩ። መጀመሪያ ቀስተኛ መረጠች። መንገዱ ሁለት ጊዜ የሚታጠፍበትን ቦታ ዓይታ፣ ከዚያ ሁለቱንም አቅጣጫ ይመታልኛል ብላ መካከል ላይ ተከለችው። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ እኔም ብሆን እዚያው ነበር የምተክለው። ግንቡ ከተተከለ በኋላ የመምቻ ክልሉን የሚያሳየው ክብ ብቅ አለ። ክቡ መንገዱን የሚነካው በጠርዙ ብቻ ነበር።

ግንቡን ጠቅ አደረገችው። የሚሸጥበት ነገር ፈለገች፤ የለም። በቀኝ ቁልፍ ሞከረች፤ የለም። ከኪቦርዱ ላይ ዲሊት የሚለውን ተጫነች፤ ምንም። ከዚያ እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

ያቺ የእጅ እንቅስቃሴ ከአስተያየቶቹ ሁሉ የበለጠ ነገረችኝ። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ሌላ ሰው ሆነች። ግንብ በመረጠች ቁጥር ጠቋሚውን በሜዳው ላይ ረጅም ጊዜ ታዞረዋለች፣ ታመነታለች፣ ትመልሰዋለች። ሁለተኛው ማዕበል ላይ ሁለት ጠላት አመለጣት። አራተኛው ላይ 210 ወርቅ ይዛ ታያለች። ስድስተኛውን ለጥቂት አለፈች። ሰባተኛው ሲመጣ ጥሩር የለበሱት በቀስተኞቹ መሐል ምንም እንዳልነካቸው ሲያልፉ መድፉን ሦስት ጊዜ መርጣ ሦስት ጊዜ ተወችው። ስትሸነፍ እጇ ላይ 340 ወርቅ ነበር። ሁለት መድፍና አንድ በረዶ የሚገዛ ወርቅ! ዞር ብላ ያለችኝ ይህን ነው፦ "ሰባተኛው በጣም ይከብዳል።"

ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ሰባተኛው ላይ ነው የሞተችው፣ የከበዳትም እዚያ ነው። የታመመችው ግን መጀመሪያው ደቂቃ ላይ ነው፤ ግንብ መትከል ወርቅን ገደል መክተት ሊሆን እንደሚችል፣ ገደል የገባ ወርቅ ደግሞ እንደማይመለስ የተማረች ጊዜ። ይህን ያስተማርናት እኛ ነን። እሷ የተማረችውን በሚገባ ተግባራዊ አደረገች፤ አጠራቀመች።

የታወር ዲፌንስ ልዩ ጠባይ እዚህ ላይ ነው፤ ከሌሎች የጌም ዓይነቶች የሚለየውም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። እየዘለላችሁ በምትሄዱበት ጌም ጉድጓድ ውስጥ ብትገቡ ጥፋታችሁን በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ታውቃላችሁ፤ ጥፋቱና ቅጣቱ ጎን ለጎን ናቸው። ታወር ዲፌንስ ውስጥ ግን በጥፋቱና በቅጣቱ መካከል አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው ማዕበል ላይ ያልተገዛ ግንብ ያልገደላቸው ጠላቶች አሉ፤ ያልተገደሉት ጠላቶች ያልሰጡት ወርቅ አለ፤ ያ ወርቅ ያልገዛው ሌላ ግንብ አለ። ጉድለቱ እንደ ወለድ እየወለደ ይሄዳል። ተጫዋቹ ግን ይህን ሰንሰለት አያየውም። የሚያየው የተበጠሰበትን ቦታ ነው፣ የሚጽፍላችሁም ያንኑ ነው። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ጌም አስተያየት ወደ ኋላ መነበብ አለበት። "ሰባት" ካላችሁ ከስድስት፣ ከአምስት፣ ከአራት እያላችሁ ውረዱ። እኔ እስካሁን ከሦስተኛው ማዕበል በላይ ላይ መልስ ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ምሳሌ ላንሳ። ፖፕካፕ የተባለው ጌም ሠሪ ድርጅት በ2009 ያወጣውን ፕላንትስ ቨርሰስ ዞምቢስ ብዙዎቻችሁ ተጫውታችሁታል። እዚያ ውስጥ ገንዘቡ የፀሐይ ብርሃን ነው። ብርሃን የሚያመነጨው የሱፍ አበባ ዋጋ 50 ነው፤ አተር የሚተኩሰው ተክል 100 ነው። ብዙዎቹ የቀን ደረጃዎች ሲጀምሩ ተጫዋቹ እጅ ላይ ያለው 50 ነው። ልብ በሉ፤ ቢፈልግም ተኳሹን መግዛት አይችልም፣ አበባውን ግን ይችላል። ዋጋው ራሱ ትክክለኛውን የመጀመሪያ እርምጃ ያስይዘዋል። ማንም ቆሞ "መጀመሪያ ኢኮኖሚህን ገንባ" አላለውም። የጌሙ ዲዛይነር ጆርጅ ፋን በ2012 በጌም ዴቨሎፐርስ ኮንፈረንስ ላይ ስለ ማስተማሪያ ደረጃዎች ባደረገው ንግግር፣ በስክሪን ላይ በአንድ ጊዜ ከስምንት ቃል በላይ እንዳይታይ መክሮ ነበር። እኛ በጌማችን መጀመሪያ ላይ ሙሉ አንቀጽ ማብራሪያ አስቀምጠን ነበር። በአንቀጹ ውስጥ "ግንብ ከተተከለ አይነሳም" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ያቺ ተጫዋች አላነበበችውም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላነበውም።

ያደረግነው ማስተካከያ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛ፣ ክቡ ግንቡ ከመተከሉ በፊት፣ ጠቋሚው ሜዳው ላይ ሲንቀሳቀስ አብሮ እንዲታይ አደረግን። ሁለተኛ፣ ማዕበሉ እስኪጀምር ድረስ የተተከለ ግንብ በሙሉ ዋጋው እንዲመለስ፣ ከጀመረ በኋላ ደግሞ በግማሽ ዋጋ እንዲሸጥ ፈቀድን። የሰባተኛውን ማዕበል ጉልበት ወደ መጀመሪያው ቁጥር መለስነው፤ ሲሶውን ሙሉ በሙሉ። ከዚያ በኋላ "ሰባተኛው ይከብዳል" የሚል አስተያየት ጠፋ አልልም፤ አልፎ አልፎ መጣ። ነገር ግን "ሁለቴ ሞቼ በሦስተኛው መድፍ ጨምሬ አለፍኩት" የሚል አብሮት መምጣት ጀመረ። ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ጌሙ ሥራውን እየሠራ እንደሆነ የሚናገር ሰው ነው።

ስለ ሰባተኛው አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልለፍ። አንድ ሰው "ጥሩር የለበሱትን ከሌሎቹ መለየት አልቻልኩም" ብሎ ጽፎልን ነበር። ጠላቶቹ ቅርጻቸው አንድ ሆኖ ተራዎቹ አረንጓዴ፣ ጥሩር ለባሾቹ ቀይ ነበሩ። ከሰሜን አውሮፓ ዘር ከሆኑ ወንዶች 8 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ቀይና አረንጓዴን በመለየት ይቸገራሉ። ለእነሱ ሰባተኛው ማዕበል ማለት ትናንት ይሞት የነበረ ጠላት ዛሬ ያለ ምንም ምክንያት አልሞት ያለበት ነው። ጥሩር ለባሾቹን ወፍራም አድርገን፣ ትከሻቸውን ሰፋ አድርገን፣ ራስ ቁር ደፋንባቸው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። በ72 ሰዓት ውስጥ ሃያ ደቂቃ አለ፤ ጃም ላይ ስትሆኑ ይህን አስታውሱ።

አሁን ወደ ሌላ ዓይነት አስተያየት ልሂድ፣ ሰዎች አቅልለው ወደሚያልፉት። "በጣም ቆንጆ ነው፣ በዚህ አጭር ጊዜ ይህን መሥራታችሁ ያስደንቃል፣ በርቱ።" ይህን ስታነቡ ደስ ይላችኋል፣ ደስ ይበላችሁም። ከዚያ ግን መልሳችሁ አንብቡትና ከጌሙ ውስጥ የትኛውን ነገር በስሙ እንደጠራ ፈልጉ። መድፍን ካልጠራ መድፍ ላይ አልደረሰም ማለት ነው። ጥሩርን ካልጠራ ሰባተኛውን አላየውም። ጃም ላይ አስተያየት የሚሰጠን በአብዛኛው እንደኛው ጌም ሠሪ የሆነ ሰው ነው። ድካማችንን ያውቀዋል፣ ሊያስቀይመን አይፈልግም፣ ብዙ ጌም ማየትም አለበት። ከ2002 ጀምሮ የሚካሄደው ሉደም ዴር የተባለው ጃም ለምሳሌ ተሳታፊው የሌሎችን ጌም እንዲጫወትና እንዲመዝን ያበረታታል፤ አንድ ጌም ደረጃ ውስጥ ለመግባት ቢያንስ 20 ሰው ሊመዝነው ይገባል። ስለዚህ አንዱ ሰው በአንድ ምሽት አሥር ጌም ሊከፍት ይችላል። የኛ ጌም አሥር ማዕበል አለው፤ ያ ሰው ሁለት ማዕበል አይቶ፣ ሥዕሉን ወድዶ፣ በጎ ቃል ጽፎ ይሄዳል። ያ በጎ ቃል የሁለተኛው ማዕበል ላይ መውጫ በር ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን አስተያየት ለይተን ስንቆጥረው ከሁሉም የሚበዛው እሱ ሆኖ ተገኘ። ስለ ሰባተኛው ማዕበል የጮኹት ጌሙን የወደዱት ነበሩ፤ እስከዚያ ድረስ ለመድረስ የታገሡ። የማይወደው ሰው ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፣ ወይም አመስግኖ።

ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ቅሬታ ስቀበል ስሜቴ ተለውጧል። ሰባተኛው ላይ ተናዶ የጻፈልኝን ሰው እንደ ወዳጅ ነው የማየው።

"ማፋጠኛ ቁልፍ ይኑረው" የሚለውም ብዙ ጊዜ መጣ። ይህ ጥያቄ ታወር ዲፌንስ በተሠራበት ቦታ ሁሉ ይመጣል፤ ቁልፉንም አስገባነው፣ እጥፍ ፍጥነት። ግን ቁልፉ የጠየቁት ነገር መልስ አልነበረም። አንድ ማዕበል 45 ሰከንድ ይወስዳል። ከዚያ ውስጥ ተጫዋቹ አንድ ነገር የሚወስንበት ጊዜ ምን ያህል ነው ብለን ብንለካው ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም ነበር፤ የቀረው ማየት ነው። ማየት በራሱ መጥፎ አይደለም፣ ግንቦችህ ሲሠሩልህ ማየት የዚህ ጌም ደስታ ነው። ነገር ግን ውጤቱ ቀድሞ የታወቀ ነገርን ማየት ያታክታል። አይረንሃይድ የተባለው ጌም ሠሪ ድርጅት በ2011 ያወጣው ኪንግደም ራሽ ለዚህ የሰጠው መልስ ያስደስተኛል፤ ተጫዋቹ ቀጣዩን ማዕበል ከሰዓቱ በፊት መጥራት ይችላል፣ ለዚያም ተጨማሪ ወርቅ ያገኛል። መጠበቁ ራሱ ውሳኔ ሆነ ማለት ነው። ልጠብቀው ወይስ ልጥራው? እኛም ተከተልነው፤ ከዚያ በኋላ ማፋጠኛውን የሚነካው ሰው ቀነሰ።

ማፋጠኛው ግን አንድ ጉድ ይዞብን መጣ፤ እሱን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ስለ ሚዛን የሚመስል አስተያየት ስለ ኮድ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ቁልፉን ባስገባን ማግስት "ቀስተኛው ደካማ ነው፣ አይመታም" የሚል መጣ። ባልደረባዬ ጉዳቱን ከ10 ወደ 12 ሊያሳድገው እጁ ቁልፉ ላይ ነበር። እስቲ አስተያየቱን የጻፈውን ሰው አንድ ጥያቄ እንጠይቀው ብለን በምን ዓይነት ኮምፒውተር እንደሚጫወት ጠየቅነው። አሮጌ ላፕቶፕ ነው አለ፤ ጌሙ በሰከንድ 20 ፍሬም (ስክሪኑ ላይ በተከታታይ የሚታይ ምስል) ገደማ ነበር የሚሄድለት።

አሁን አብራችሁኝ አስሉ። ቀስቱ በሰከንድ 600 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ይጓዛል። በ60 ፍሬም በእያንዳንዱ ፍሬም 10 ፒክስል ይራመዳል። በእጥፍ ፍጥነት 20። ጠላቱ 32 ፒክስል ስፋት ስላለው ምንም ችግር የለም፣ የትም ቢሆን ይነካዋል። በ20 ፍሬም ግን፣ በእጥፍ ፍጥነት፣ ቀስቱ በአንድ ፍሬም 60 ፒክስል ይዘላል። በአንዱ ፍሬም ከጠላቱ ፊት፣ በሚቀጥለው ከጠላቱ ኋላ ይገኛል፤ በመካከል የሚነካካበት ጊዜ የለም። ሰውየው ትክክል ነበር፣ ቀስተኛው አይመታም። እኛ ዘንድ ይመታል፣ እሱ ዘንድ አይመታም። ጉዳቱን 12 ብናደርገው ኖሮ በደህና ኮምፒውተር የሚጫወቱት ሁሉ ጌሙ ይቀልባቸው ነበር፣ እሱ ግን እንደነበረው ይቀር ነበር። መፍትሔው ቀስቱ አሁን ያለበትን ነጥብ ብቻ ሳይሆን ካለፈው ፍሬም ጀምሮ ያቋረጠውን መስመር በሙሉ መፈተሽ ነው። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። "ድምፅ የለውም" የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው፤ ብራውዘሮች ተጫዋቹ አንድ ነገር እስኪነካ ድረስ ድምፅ ያግዳሉ፣ ስለዚህ "ጀምር" የሚል ቁልፍ አስቀድሙ።

ሌላው "ለምን መንገዱ ላይ ግንብ መትከል አልችልም?" የሚለው ነው። ይህን የጠየቀው ሰው ጌማችንን አልተረዳም ብለን ልናልፈው ነበር። ነገር ግን ሰው ባዶውን አይመጣም። በ2007 የወጣው የፖል ፕሪስ ዴስክቶፕ ታወር ዲፌንስ ሜዳው ክፍት ነው፤ ተጫዋቹ በግንቦቹ ራሱ ጠላት የሚዞርበትን ጥምዝምዝ ይሠራል። በዚያው ዓመት የተጀመረው ብሉንስ ታወር ዲፌንስ ደግሞ መንገዱ የተሰጠ ነው። ከእነሱ በፊት በ2002 በወጣው ዋርክራፍት 3 ላይ ተጫዋቾች ራሳቸው በሠሯቸው ካርታዎች ሁለቱም ዓይነት ነበር። የጠየቀን ሰው በክፍት ሜዳ ያደገ ነው። የመንገዱን ዳር በድንጋይ ስናጥረው ጥያቄው ቆመ፤ መንገድ መንገድ መምሰል ነበረበት፣ የኛ ግን ከሣሩ ትንሽ የነጣ መሬት ብቻ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማደርገው አንድ ነገር አለ፤ ይህን ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል። "ወደዳችሁት ወይ?" ብዬ አልጠይቅም። የሽንፈት ስክሪን ላይ በትልቁ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ የተሸነፉበት ማዕበል፣ እጃቸው ላይ የቀረው ወርቅ፣ የመጀመሪያው ጠላት ያመለጣቸው በስንተኛው ማዕበል እንደሆነ። ሰዎች ሲጽፉልኝ ያንን ይገለብጡታል፤ "ማዕበል 7፣ ወርቅ 340፣ የመጀመሪያ ማምለጥ ማዕበል 2"። ይህ መስመር ሲደርሰኝ ሰውየው ምን እንደተሰማው መገመት አያስፈልገኝም። ወርቁ ብዙ ከሆነ ፈርቷል ወይም ምን እንደሚገዛ አላወቀም። ወርቁን ሁሉ ግንብ ገዝቶበትም ከሞተ፣ ያኔ ነው የማዕበሉን ጉልበት የምነካው። ከሁሉ በላይ የምመለከተው ግን ሦስተኛውን ቁጥር ነው።

ጥያቄና መልሱን አሁን እንጀምራለን። ከዚያ በኋላ ጊዜ ያላችሁ ጀርባ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ኮምፒውተር ተከፍቷል፤ አንዱ ላይ ገና ለማንም ያላሳየነው አዲሱ ካርታ አለ። ተቀመጡና ተጫወቱት። እኔ ከወንበራችሁ ጀርባ እቆማለሁ፣ ምንም አልናገርም፤ የማየው እጃችሁን ነው።